ከማማው ሥር ስላሉት ሁለት ባዶ ክፍሎች

ለመገናኛ ማማዎች ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለወንበርዎ፣ እንዲሁም ከወንበርዎ በስተቀኝ ላለው መሳቢያ ያለኝን ልባዊ ሰላምታ አቀርባለሁ። መሳቢያውን ለይቼ ማንሳቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። አርባ ዓመት ሊሞላ ሁለት ዓመት ሲቀረው በጡረታ እስከተሰናበትኩ ድረስ፣ እንደ እርስዎ ያሉ የተከበሩ ሰዎች የሚፈርሙበትን ደብዳቤ በታይፕ ስመታ የኖርኩ ጸሐፊ ስለሆንኩ፣ ከማንኛውም ኃላፊ በፊት መሳቢያውን ሰላም ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነው። በዕድሜዬ አብዝቼ የመታሁት ዓረፍተ ነገር «ያቀረቡት አቤቱታ በመታየት ላይ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» የሚለው ነው። የዚህን ዓረፍተ ነገር ትርጉም ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት አለቆቼ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ነፍሳቸውን ይማርና አሁን ራሳቸው በመታየት ላይ ናቸው።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣ ማድረጌ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በፖስታ የላክኋቸው ሦስቱ ደብዳቤዎች ምናልባት በመንገድ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ፣ አራተኛውን ብዙ ሰው ተሸክሞ እንዲያደርስልኝ በማሰብ ነው።

ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ላስታውስዎ። ከግቢዬ ጓሮ ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት በገዛ እጁ የገነባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። ባለቤቴ ግንበኛ አልነበረም፤ የትምህርት ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ስለዚህ ማዕዘኖቹ ሁሉ ልክ ናቸው፣ በሮቹ ግን አይገጥሙም። «እኔ ስሞት ጡረታሽ ለመብራት፣ ኪራዩ ለመብል ይሆንሻል» ብሎኝ ነው የሞተው። በአንደኛው ክፍል ሁለት መምህራን ይኖሩ ነበር። ከመኝታ ቤቴ ጋር ግድግዳ በሚጋራው በሁለተኛው ደግሞ አንዲት ልብስ ሰፊ ከባሏ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከሳምንት አራቱን ቀን መንገድ ላይ ነው፤ በእነዚያ አራት ቀናት እሷ ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻ እመታለሁ። እኔ ስቆም «እማማ፣ ደከመዎት እንዴ?» ትለኛለች በግድግዳው፤ እሷ ስትቆም «ክርሽ አለቀ?» እላታለሁ። ልጅ አልወለድኩም፤ የሰው ልጅ «እማማ» ሲለኝ ለዕድሜዬ ነው ብዬ አልፈዋለሁ፤ የእሷን ግን አላለፍኩትም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ በመሥሪያ ቤታችን ልማድ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ. ከአንድ ዓመት ከስድስት ወር በፊት ከአጥሬ አሥራ አራት እርምጃ ርቀት ላይ የስልክ ማማ እንዲተከል ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። እርምጃውን የቆጠርኩት በራሴ እግር ስለሆነ፣ በእርስዎ እግር ሊያንስ ይችላል። መሬቱ የጎረቤቴ የጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ጓሮ ነው፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ መጀመሪያ ሞኙ እሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካስ ሞኟ እኔ ሆኜ ደጃፉ የእሱ ነው። ስጠይቀው «እህቴ፣ ብረት እኮ ነው፤ ብረት ምን ያደርጋል?» አለኝ። በሚቀጥለው ወር ግቢውን ለማማው ትቶ የመሬቱን ኪራይ እየበላ ሴት ልጁ ቤት ገባ። ብረት ምንም እንደማያደርግ በርቀት ሆኖ እያረጋገጠልን ነው።

2ኛ. በጽሕፈት ቤትዎ ታትሞ በየበራችን በተበተነው ባለ ቀለም ወረቀት ላይ «ማማዎች በአካባቢው የቤት ኪራይ ዋጋ ላይ ተጽዕኖ ማሳደራቸው አልተረጋገጠም» ተብሎ በመጻፉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወረቀቱን ለደላላችን አነበብኩለት። ደላላችን ለሃያ ዓመት ቤት ሲያሳይ የኖረ፣ የተከራይን አንገት ዓይቶ ኪሱን የሚያውቅ ሰው ነው። እየሳቀ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ «እናቴ፣ ተከራይ ሲገባ መጀመሪያ ወለል ያያል፣ ቀጥሎ ቧንቧ ይከፍታል፣ ከዛ መጋረጃ ገልጦ ቀና ይላል። ቀና ካለ አለቀልኝ። አንገቱ ሽቅብ ሲሄድ ዋጋው ቁልቁል ነው።» ይህን ካስተዋለ ወዲህ ሰው የሚያመጣልኝ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ሆነ፤ ጃንጥላ የያዘ ሰው ቀና አይልምና። እንዲህም ሆኖ ዝናብ ይቆማል። ሁለቱ መምህራን ትምህርት ቤቱ ራቀን ብለው በትሕትና ተሰናብተውኝ ወጡ፤ ትምህርት ቤቱ ከውጭ በሬ ላይ ለቆመ ሰው ይታያል። በእነሱ ክፍል ዛሬ የሚሰጠኝ ዋጋ የቀድሞው ግማሽ ነው፣ እሱንም የሚሰጥ ሲገኝ። እርስዎ ግን አልተረጋገጠም ብለዋል፤ ስለዚህ ባዶ የሆነው ክፍሉ ሳይሆን የእኔ ግምት ነው ብዬ ለመቀበል ሞክሬያለሁ።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ልብስ ሰፊዋ ማማውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «እማማ፣ እኔን ያስቸገረኝ የኔትወርክ ማነስ ነበር፤ አሁን ደንበኛ ሲደውል ያገኘኛል» ብላ ትስቅ ነበር። አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ካልለቀቀች ሰፈሩ አልፈረሰም ብዬ እኔም ልቤን አሳረፍኩ።

3ኛ. ለሦስቱ ደብዳቤዎቼ ስለሰጡኝ ዝምታ አመሰግናለሁ። የጠየቅሁት ካሳ አልነበረም፣ ማማው ይነቀልልኝም አላልኩም። ከማማው የሚወጣው ጨረር ተለክቶ ውጤቱ በአንድ ወረቀት ይሰጠኝ፣ ያንን ወረቀት ለተከራይ ላሳይ፣ ብቻ ነው ያልኩት። ማማው በተተከለ በአራተኛው ወር አንድ ትሑት ባለሙያዎ መሣሪያ ይዞ መጣ፤ ከውጭ በሬ፣ ከግቢው መሐልና ከልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ለካ፤ ቁጥሩን ቅጽ ላይ ሞላ። ስንት ሆነ ስለው «ውጤቱ በደብዳቤ ይገለጻል» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህንንም ዓረፍተ ነገር መትቼዋለሁ። ሻይ አፍልቼለት በክብር ሸኘሁት፤ ከዚያም ጠበቅሁ። በየቀኑ ፖስታ ቤት ሄጄ ሣጥኔን ከፍቼ እዘጋ ነበር። ሰማይ ላይ ላም አለኝ፤ ወተቷን ግን አላየሁም።

4ኛ. ይህ ቁጥር የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው። ሆኖም ቁጥሩን ለመዝለል እጄ እምቢ ስላለኝ እዚሁ አስገብቼዋለሁ።

ማማው በተተከለ በአሥረኛው ወር፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለን ሰው በሰው ፊት ማሳፈር ይሻላል ብዬ ከውጭ በሬ ላይ አንድ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ዓላማዬ አንድ የጽሕፈት ቤትዎ ሰው ሲያልፍ አንብቦ ተቆጥቶ እንኳ መልስ እንዲሰጠኝ ነበር። ማስታወቂያው ይህ ነው፦ «በዚህ አካባቢ የተተከለው የስልክ ማማ በነዋሪዎች ጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ያልተጣራ በመሆኑ፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት በአቅራቢያው ረዘም ላለ ጊዜ ከመቆየት እንዲቆጠቡ እናሳስባለን።» ነፍሰ ጡር ማለቴ ማንንም አስቤ አልነበረም። በሥራ ዘመኔ ስለ መድኃኒትም ይሁን ስለ ጭስ የመታሁት ማሳሰቢያ ሁሉ ነፍሰ ጡሮችን ሳያነሳ ስላላለፈ ነው እንጂ።

ጥፋቴ ግን ከዚህ ይብሳል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራ እጅ የሚያውቀው አንድ መልክ ብቻ ነው። ከላይ በስተቀኝ ቁጥር አስቀመጥኩ፣ ከሥሩ ቀን ጻፍኩ፣ ርዕሱን መሐል አድርጌ አሰመርኩበት፣ ከታች ለፊርማ የሚሆን ቦታ ተውኩ። ማንንም ለማታለል አላሰብኩም፤ ያለ ቁጥር ወረቀት ማውጣት ያለ ጫማ ደጅ መውጣት ስለሚመስለኝ ብቻ ነው። ያነበበው ሰው ሁሉ ግን አንዲት አሮጊት ጽፋዋለች አላለም። «መንግሥት ራሱ አስጠነቀቀ» ተባለ። ለአሥር ወራት ከእርስዎ አንድ መስመር ለማግኘት ስንከራተት፣ በመጨረሻ በስምዎ የጻፍኩልዎ እኔው ሆንኩ፤ ከሁሉ የሚገርመው መታመኔ ነው።

ማስታወቂያው በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ በሬን አንኳኳች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንኳኩታ አታውቅም፤ ገፍታ ነበር የምትገባው። ቆማ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «እማማ፣ አምስት ወሬ ነው» አለችኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። ሁለቱንም ጊዜ አልጋዋ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ባሏ መንገድ ላይ ነበር። ሦስተኛውን ለእኔም ሳትነግር እስከ አምስት ወር የደበቀችው ቢነገር ይሸሻል ብላ ነው። ደስታዬን ገና በአፌ ሳልይዘው «ልንለቅ ነው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ተናዘዝኩ። የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። «እማማ፣ እርስዎ ጽፈውት ቢሆን እኮ ቁጥር አይኖረውም» አለችኝ። ከታይፑ ሥር የቀረውን የካርቦን ቅጂ አውጥቼ አሳየኋት፤ ኮፒ አስደርገው ነው አለች። ዓይኗ እያየ ወንበር ስቤ፣ ወረቀት አስገብቼ ማስታወቂያውን ከነቁጥሩ እንደገና መታሁላት። ጉንጬን ሳመችኝና እያለቀሰች «እርስዎማ ታይፕ ይችላሉ፤ ቤቱ ባዶ እንዳይቀርብዎ ፈርተው ነው። ይገባኛል፣ አልቀየምዎትም» አለችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ከታይፕ የወጣውን ልመልስ ስሞክር ውሸታም ሆንኩ፤ ያውም ለኪራይ ስል የሰው ፅንስ የምሸጥ ውሸታም። እሷ ግን በዚህም ይቅር አለችኝ።

ማስታወቂያውን በዚያው ሰዓት ቀደድኩት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አንድ አላፊ አግዳሚ በስልኩ ፎቶ አንስቶት ኖሮ በየሰፈሩ ተዟዟረ፤ ለዚህም ማማው ያለ አንዳች መቆራረጥ በትጋት አገልግሏል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወጡ። ባሏ በጭነት መኪናው ዕቃቸውን ጫነ። እኔ የስፌት መኪናዋን ጭንቅላት በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በገዛ እጄ አቀበልኩት። ክፍሉን ልጠርግ ስገባ ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ስፒሎች አገኘሁ። ከመስኮቱ ደፍ ላይ ሰማያዊ ጠመኔ ነበር። ሜትሯን የምትሰቅልበት ምስማር ዙሪያ ግድግዳው በእጇ ወዝ ወዝቷል። ጠርጌ አልጨረስኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታይፕ ስመታ በየመሐሉ ቆም እላለሁ፤ ከወዲያ የሚጠይቀኝ የለም።

5ኛ. ባለፈው ወር ስለጻፉልኝ ደብዳቤ አመሰግናለሁ። ያ ፎቶ ተዟዙሮ ተዟዙሮ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ በደረሰ በአራተኛው ቀን፣ በጽሕፈት ቤቱ አምሳል ሐሰተኛ ማስታወቂያ በማውጣት ሕዝብን አሸብረሻል የሚል ማስጠንቀቂያ በሞተር ብስክሌት በሬ ድረስ ተላከልኝ። ስጠይቅዎ አሥራ ሰባት ወር፣ ስከሰስ አራት ቀን። ፍጥነቱን ሳላደንቅ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው፤ አልከራከርም፤ ቅጣትም ካለ እቀበላለሁ።

ነገር ግን ሐሰተኛ መሆኔን ለማስረዳት አንድ አባሪ አያይዘውልኛል። ያ ትሑት ባለሙያ የሞላው ቅጽ ነው። ከውጭ በሬ፣ ከግቢው መሐል፣ ከልብስ ሰፊዋ ደጃፍ፤ ሦስቱም ቦታ ከተፈቀደው መጠን እጅግ በጣም ያነሰ፣ ለጤና የማያሰጋ። የተፈረመው ልኬቱ በተወሰደ በሦስተኛው ቀን ነው። በሥሩ በትንንሽ ፊደል «ውጤቱ ለአመልካቹ ብቻ ይሰጥ» ይላል። አመልካቹ እኔ አይደለሁም ለካ፤ ማማውን የተከለው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ደግሞ አልፈራም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ በጣቴ ቆጠርኩት። ያ ወረቀት የተፈረመው ልብስ ሰፊዋ ከማርገዟ ከአንድ ወር በፊት ነው። አንድ ሰው ከመሳቢያዎ አውጥቶ ፖስታ ውስጥ ቢከትተው ኖሮ፣ እኔም ማስታወቂያ አልጽፍ፣ እሷም ሆዷን ይዛ አትወጣ፣ ልጇም ከግድግዳዬ ወዲያ ታለቅስ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የእርስዎ ጩኸት ደግሞ ማኅተም አለው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር የለውም።

ባለፈው ሳምንት ያንን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ልብስ ሰፊዋን ልጠይቅ ሄድኩ። አሁን ማኅተም አለኝ፣ አሁን ታምነኛለች፣ ትመለሳለች ብዬ ነበር። ሁለት አውቶቡስ ቀየርኩ። የተከራዩት የአንድ ፎቅ ቤት የመጨረሻውን ወለል ነው፤ ክፍሎቹ ከእኔዎቹ ይጠባሉ፤ ኪራዩ ግን እኔ በደጉ ጊዜ ከምቀበለው እጥፍ ነው። ባሏ አሁን ከሳምንት ስድስቱን ቀን ይነዳል። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሦስት ወር ከምናምን ሆኗታል፤ ፀጉሯ ገና ካሁኑ ለማበጠሪያ አስቸግሯል። እናቷ ደረቴ ላይ አስቀምጣልኝ «አያትሽ መጡ» አለቻት። በዚያች ደቂቃ ማማ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ስለመኖሩ ትዝ አላለኝም።

ልብስ ሰፊዋ አምሮባታል፤ ፊቷ ሞልቷል። «እዚህ ሰላም ነው እማማ። ኪራዩ ይከብዳል እንጂ እንቅልፍ እተኛለሁ። እላያችን ላይ ምንም የለም፤ የውኃ ታንከር ብቻ» አለችኝ። ቀጥላም እጄን ይዛ ለመነችኝ፤ «እርስዎም እዛ አይቆዩ። ጤናዎን ይጎዳዎታል። እዚህ ጎናችን አንዲት ክፍል ባዶ አለች፤ ግድግዳ እንጋራለን።» ክፍሏን በግማሽ ዋጋ እንኳ የሚከራያት ያጣች ሴት እጥፍ ከፍላ እንዴት እንደምትከራይ አልጠየቀችኝም፤ ፍቅር ሒሳብ አያውቅም። ቦርሳዬን ልከፍት እጄን ሰደድኩ።

ልጅቷ በዚህ መሐል አለቀሰች። አንቺ አጥቢ፣ እኔ ጨርቆቿን ከጣራ ላይ ላውርድልሽ ብዬ ወጣሁ። ጣራው ላይ የልብስ ገመድ አለ፣ ከገመዱ ጀርባ ደግሞ ትልቅ ነጭ የውኃ ታንከር። ታንከሩ በር ነበረው፤ በሩም ተከፍቷል። ከውስጥ አንድ ሰው መፍቻ ይዞ ወጣ። ከአጥሬ ጎን ያለውን ማማ በየወሩ እየመጣ የሚፈትሸው ቴክኒሻን ነው፤ ብዙ ጊዜ ውኃ አጠጥቼዋለሁ።

«ማዘር! እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለኝ። እኔም መልሼ እሱን ጠየቅሁት። «ያው እንደ እርስዎ ጎን ያለው ማማ ነው፤ ሥራው አንድ ነው። ይሄኛውን ታንከር አለበሱት። የፎቁ ባለቤት ነው የጠየቀው፤ ተከራይ እንዳይሸሽ፣ ኪራይ እንዳይወርድበት።» በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ፈቃዱ ተለጥፏል። ቁጥሩን አነበብኩ፣ ፊርማዎን አወቅሁት። ሽፋኑ የተፈቀደበት ምክንያትም ተጽፏል፦ «በአካባቢው የቤት ኪራይ ዋጋ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ተጽዕኖ ለመከላከል»። ባለ ቀለሙን ወረቀት ያተመልን ጽሕፈት ቤትና ይህን የፈረመው ጽሕፈት ቤት አንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ፣ እባክዎ አንድ ቀን ያስተዋውቋቸው።

የሕፃን ጨርቆቹን ታቅፌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እስቲ ይመልከቱልኝ። ልብስ ሰፊዋን ወደ ቤቴ ሊመልሳት የሚችል አንድ ነገር በዓለም ላይ ካለ፣ እሱ የእርስዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት አልነበረም፤ ያ ታንከር ነበር። ነይ ቀና በይ፤ ስምንት ወር ሙሉ በሰላም የተኛሽው፣ ይህችን ልጅ በሙሉ ጤና የወለድሽው ከዚህ ሥር ነው፤ እንግዲህ የእኔስ ምን ያደርግሻል? ማለት ይበቃኝ ነበር። የበለጠ ማስረጃ የት ይገኛል? ወረቀት ሳይሆን ደረቴ ላይ የተኛች ልጅ!

ነገር ግን ሌላም ነገር ታየኝ። ያንን ብነግራት ወደ እኔ ላትመጣ ትችላለች። ልጇን አንጠልጥላ ሌላ ቤት ፍለጋ ልትወጣ ትችላለች፤ ከዚያም ሌላ ጣራ እያየች፣ ያለፉትን ስምንት ወራት እየቆጠረች፣ ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር በፍርሃት እየሞተች ትኖራለች። ባንድ ወረቀት እንቅልፏን የነሳኋት እኔ ነኝ፤ አሁን አግኝታዋለች፣ በውሸት ይሁን በእውነት አግኝታዋለች። ደግሜ ልንሳት? ለማን ስል? ለእኔ ስል መሆኑን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ወረድኩ። ጨርቆቹን አብሬያት አጠፍኩ። «ታንከሩ ሞልቷል?» አለችኝ፤ ውኃ በየጊዜው ስለሚጠፋባቸው ነው። ሞልቷል አልኳት። ልጅቷን አንዴ ሳምኳት፣ ቦርሳዬን ይዤ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ አልቅሼ አልወጣልኝም፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም አንዱ ለዚህ ነው።

የሰፈሩን፣ የፎቁንና የሰዎቹን ስም ያልጠቀስኩት ረስቼ አይደለም። የሴትየዋ ሙያ ልብስ ስፌት መሆኑንም ቢሆን እንደ ተረጋገጠ እንዳይይዙት፤ የማይፈለግን ነገር ከወረቀት ማራቅ ከእናንተው የተማርኩት ሙያ ነው። እርስዎ የትኛው ጣራ እንደሆነ ያውቁታል። ስንት እንደዚያ ያሉ ጣራዎች እንደፈረሙ ደግሞ እርስዎ ብቻ ያውቃሉ።

ለራሴ የምጠይቀው የለኝም። ኪራዬን እንዲመልሱልኝ ብጠይቅ እንደማይረጋገጥልኝ አውቃለሁ፣ ሌላውን ደግሞ ሊመልሱልኝ አይችሉም። ነገ ከሌላ አጥር ጎን ሌላ ማማ ሲቆም ግን፣ ልኬቱን የፈራው ሰው እጅ ላይ እንዲያኖሩት እለምናለሁ። የሚፈራው አመልካቹ አይደለም፤ ከሥሩ የሚተኛው ነው።

ለሰጡኝ መልካም ኔትወርክ፣ ለሁለት ጸጥ ያሉ ክፍሎች፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ጉዳይ ታይፕ እንድመታ ስላበቁኝ ጭምር ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ። ሥራዎ ይቃናልዎ፤ ልጆችዎ ከአጠገብዎ አይራቁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በማስጠንቀቂያዎ ላይ «ሐሰተኛዋ ጸሐፊ» ተብዬ የተጠቀስኩት

ግልባጭ፦
– ለመሳቢያው
– ለጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሴት ልጁ ቤት

ማስታወሻ፦ ታንከሩ በስተምሥራቅ በኩል ቀለሙ ተልጦ ከሥር ያለው የማማው ብረት እየታየ ነው፤ የልብስ ገመዱ ደግሞ ፊት ለፊቱ ነው። በዚህ ሳምንት ሰው ልከው ያስቀቡልኝ። ኃላፊነቴ አይደለም እንዳይሉኝ፤ በስምዎ የዋሸሁት እኔ ተቀጥቻለሁና፣ እርስዎ በገዛ ስምዎ የዋሹትን ቢያንስ ሳይላጥ ይያዙልኝ። ከሥሩ ልጅ ተኝታለች።